ቀዛፊ አይናገርም

ዳኺል የጭቃ ዳክዬ ገድሏል። ይህን የማያውቅ ሰው በእኛ ረግረግ ውስጥ የለም፤ ቢኖርም ጎረቤቱ ሐትም ታንኳውን አስነሥቶ ሄዶ ይነግረዋል። እኛ ዘንድ ዳክዬ የሚያድን ሰው ከቄጠማ አካል ያስርና ስስ ጭቃ ለብዶ፣ ላባ ሰክቶበት፣ የሰማዮቹን እንዲያባብልለት ውሃ ላይ ያንሳፍፈዋል። ዳኺል ገና ወጣት ሳለ፣ ከከተማ በተመለሰ በመጀመሪያው የብርድ ወራት፣ ሐትም ካንሳፈፋቸው አንዱን አልሞ ተኮሰና አፈራረሰው። ያም ሳይበቃው ግዳዩን ሊያመጣ እየዋኘ ሄደ። ሐትም ሸምበቆው ውስጥ ተቀምጦ ሁሉን ያይ ነበርና፣ "ቢስሚላህ ብለሃል ወይ? ካላልክ እኔ አልበላውም!" ብሎ ጮኸበት። ይኸው እስከ ዛሬ፣ ሚስት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበት እንኳ፣ በታንኳ ሲያልፍ በልጁ ስም ጠርቶ "አቡ ጁሐይሽ፣ ጭቃው በሰለ ወይ?" የሚለው አይጠፋም።

ዳኺል አብሮ ይስቃል። ሲቀልዱበት የሚያኮርፍ ዓይነት ሰው አይደለም። ሆዱ ውስጥ ግን የማይስቅ ነገር አለ። የሰፈሩ ወንዶች ሁሉ ማደንን ከአባቶቻቸው ጋር አንድ ታንኳ ላይ ተቀምጠው ነው የተማሩት፤ እሱን ማንም አላስተማረውም።

አባቱ ሙታሸር የታወቀ አዳኝ ነበር። ዳኺል ሰባት ዓመት ሊሞላው ሲል "ውሰደኝ" እያለ ቢነዘንዘው፣ "ዘንድሮ ትንሽ ነህ፣ ብርዱን አትችለውም። ለከርሞ" አለው። ለከርሞ ውሃው አልመጣም። መንግሥት ከላይ በኩል ግድብ ሠርቶ፣ ቦይ ቆፍሮ ወንዞቹን አዞረብን። ሸምበቆው ደርቆ ተቃጠለ፣ ዓሣው ጭቃ ላይ አለቀ፣ ዳክዬዎቹም እንደ ልማዳቸው መጥተው አንዴ ዞሩና ማረፊያ ሲያጡ ሄዱ። ሰውም የሚያልባቸውን የውሃ ጎሾች ሸጦ ተበተነ። ሙታሸር ናሲሪያ ከተማ ዳር ካለ የጡብ ፋብሪካ ገብቶ ጡብ ሲሸከም ኖረ፤ ውሃውን ዳግመኛ ሳያየው እዚያው ሞተ። ዳኺልም በጡብ አቧራ አደገ።

ግድቡ ፈርሶ ውሃው ሲመለስ፣ እናቱን ጀብሪያን ይዞ ከመጀመሪያዎቹ ተመላሾች ጋር መጣ። ታንኳ መግፋት ተማረ፣ ጎሽ መጠበቅ ተማረ፣ ሸምበቆ አጭዶ ቤት መሥራት ተማረ። አደንን ግን ማንን ይጠይቅ? ጢም ያበቀለ ሰው፣ ያውም የሙታሸር ልጅ፣ "እባካችሁ አስተምሩኝ" ማለቱን እንደ ውርደት ቆጠረው። ለብቻው ሞከረ። የጭቃው ዳክዬ የዚያ ትምህርት የመጀመሪያ ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ ያገኘው እውቀትም፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ያን ያህል የሚያኮራ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ለራሱ ምሏል። ለልጆቹ "ለከርሞ" የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም።

ልጆቹ ሁለት ናቸው። ኑርያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከጎሾቹ ጋር ከሰው ይልቅ የምታወራ። ከእሷ በፊት የተወለዱት ወንዶች በጨቅላነታቸው ስለ ሞቱ፣ ቀጣዩ ወንድ ሲመጣ አያቱ ጀብሪያ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ብላ ጁሐይሽ አለችው፤ ውርንጭላ ማለት ነው። ማን በውርንጭላ ይቀናል? ስሙ ሠርቷል መሰለኝ፣ ልጁ እንደ ስሙ ሲቦርቅ አደገና ዘንድሮ ብርዱ ሳይወጣ ሰባት ሊሞላው ነው።

ውሃው ደግሞ ዘንድሮ ከፋ። ዝናቡ ቀረ፤ ከላይ ያሉትም አገሮች ወንዞቹን ጠበቅ አድርገው ያዙ። በዳኺል ደጅ ታንኳ የሚታሰርበት እንጨት ላይ አምና ውሃው ትቶት የሄደ ጥቁር መስመር አለ። የዘንድሮው ውሃ ከዚያ መስመር ክንድ ያህል ወርዶ ቆሟል። ዳኺል ጠዋት ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ያን እንጨት ያያል። ሰባት ሊሞላው ያለ ልጅና የሚሸሽ ውሃ፤ ይህን አንድ ጊዜ አይቶታል። ፈራ። ውሃው ከሄደ ልጁ ምን ይዞ ይቀራል? እሱ ራሱ የያዘው "ለከርሞ" የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር።

ስለዚህ አንድ ምሽት ሩዝና ዓሣ ከተበላ በኋላ፣ "ልጆቹን ዳክዬ አደን ልወስዳቸው ነው" አለ።

ሚስቱ ሸምሳ ሳህን መሰብሰቧን ተወች። "ማን ነው የሚያድነው?"

"እኔ ነኛ!"

"አንተ?" አለችና ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቋ ግን በዓይኗ አመለጣት። "አቡ ጁሐይሽ፣ ጭቃ ከሆነ የምትፈልጉት እዚህ ደጃፉም ላይ ሞልቷል። ልጆቼን በብርድ አታንከራትትብኝ።"

"ተይው ሸምሳ" አለች ጀብሪያ ከጥግ፣ ብርድ ልብሷ ውስጥ እንደ ተጠቀለለች። "ዳክዬ ባይገድልም ዳክዬዎቹን ያስቅልናል። እነሱም ከሩቅ አገር ነው የመጡት፣ ደክሟቸዋል።"

"እማዬ!"

"ምን እማዬ ትለኛለህ? እኔ ልጅ ሆኜ የአባቴን ታንኳ የቀዘፍኩ ሴት ነኝ። ቀዛፊ የሌለው አዳኝ ማለት ውሃ ላይ የወደቀ ጫማ ነው። ማን ሊቀዝፍልህ ነው?"

"እኔ!" አለች ኑርያ፣ ከመቀመጫዋ ዘላ ተነሥታ።

"እኔስ?" አለ ጁሐይሽ።

"አንተ ቢላዋውን ትይዛለህ" አለው አባቱ። "በሰገባው" ብሎ ጨመረ፣ የሸምሳን ፊት አይቶ።

ሸምሳ ስትለምን የምትውል ሴት አይደለችም፤ ትዕዛዟን አንድ ባንድ አስቀመጠች። ጠመንጃው ታንኳ ላይ ሲወጣ ባዶ ይሁን። ልጆቹ ሁልጊዜ ከአፈሙዙ በስተኋላ ይቀመጡ። ጁሐይሽ የአያቱን የሱፍ ፎጣ ይጠምጥም። "አንዱ ቢያስነጥስ አንተን ነው የምጠይቀው" አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳኺል ልጆቹን ደረቅ መሬት ላይ የቆመች ታንኳ ውስጥ እያስቀመጠ ያለማምዳቸው ጀመር። ጠመንጃ እንዴት እንደሚያዝ፣ ወደ ሰው እንዴት እንደማይዞር፤ ይህን አሳምሮ ያውቃል፣ አሳምሮም አስተማረ። ቆስሎ የወደቀ ወፍ ነፍሱ ሳትወጣ ተገኝቶ፣ ወደ ቂብላ፣ ወደምንሰግድበት አቅጣጫ፣ ዞሮ፣ ቢስሚላህ ተብሎበት መታረድ እንዳለበት፤ ሳይታረድ ከሞተ ማንም እንደማይበላው፣ ነፍስ በከንቱ እንደ ጠፋ እንደሚቆጠር ነገራቸው። ለኑርያ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠውን ሕግ ሰጣት።

"ቀዛፊ አይናገርም" አላት። "ምንም ቢመጣ። በግራ ወፍ ካየሽ በግራ ጉልበትሽ ታንኳዋን ትነኪያለሽ፣ በቀኝ ካየሽ በቀኝ። አፍሽ ግን ተሰፍቷል። ገባሽ?"

ኑርያ አፏን በጣቷ ሰፋችው።

ይህን ሕግ ዳኺል የሚወደው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕፃን ሆኖ ብርድ ልብስ ውስጥ ተኝቶ፣ አባቱ ጎህ ሳይቀድ ሲወጣ ከውጭ "ቀዛፊ አይናገርም!" እያለ ሲቆጣ ይሰማ ነበር። ስለ አደን ከአባቱ አፍ የሰማው ነገር ቢኖር ያ ብቻ ነው። ሌላው የአባቱ ንብረት ሁሉ፣ ጠመንጃውም ሳይቀር፣ ናሲሪያ ላይ ተሽጦ አልቋል።

ከአደኑ በፊት በነበረው ቀን ዳኺል ብቻውን ሐይቁ ላይ ወጥቶ ቦታ መረጠ። ከሸምበቆው ጠርዝ ገባ ያለች፣ ዳክዬዎች ማታ ማታ የሚያርፉባት ኩሬ መሳይ ነበረች። መደበቂያ ሸምበቆ አጥፎ ሠራ፣ የጭቃ ዳክዬዎቹንም አንሳፈፈ። በጠዋቱ ጨለማ እንዳይስታት ደግሞ፣ መታጠፊያው ላይ ካለ የቄጠማ ቁጥቋጦ ላይ የሸምሳን ቀይ የቀሚስ ቁራጭ አሰረ። ከጨርቁ ወደ ግራ፣ አለቀ። በራሱ ተደስቶ እያፏጨ ተመለሰ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የጡብ ፋብሪካ ልጅ መሆኑ የተገለጠው። በእኛ ውሃ ላይ ቱሁል የሚባል ነገር አለ፤ ሥሩ መሬት ያልነካ፣ ቄጠማ በቄጠማ ላይ ተደራርቦ የበቀለበት ተንሳፋፊ ደሴት። ሲያዩት እንደማንኛውም ቁጥቋጦ ነው፤ ሰው ሊቆምበትም ይችላል። ነፋስ ሲነሣ ግን ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። ዳኺል ጨርቁን ያሰረው ቱሁል ላይ ነበር። ሌሊቱንም ነፋስ ነፈሰ።

ሲነጋጋ ነፋሱ ቆሞ በምትኩ ጉም ወረደ። ታንኳዋ ከደጅ ስትለቅ ጀብሪያ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። "ኑርያ፣ ጆሮሽን ክፈቺ" አለቻት። ለልጇ ምንም አላለችውም። ዳኺል ከፊት ጠመንጃውን ባዶውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ፤ ጁሐይሽ ከመሃል፣ እስከ አፍንጫው በፎጣ ተጠምጥሞ፣ ቢላዋውን በሁለት እጁ እንደ ቁርኣን ይዞ፤ ኑርያ ከኋላ ቆማ ዘንጓን ወደ ውሃው እየሰደደች። ውሃው ድምፅ አልነበረውም። ዳኺል ወደ ኋላ ዞር ብሎ አያቸውና ደረቱ ሞቀ። አባቱ ቢያየው ምን ይል ይሆን ብሎም አሰበ።

ቀዩ ጨርቅ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ዳኺል በእጁ ወደ ግራ አመለከተ።

ኑርያ ታንኳዋን አላዞረችም። ይልቅስ በሁለቱም ጉልበቶቿ ግራና ቀኝ ነካክታ ታንኳዋን አወዛወዘቻት።

"አታወዛውዢ!" ሲል በሹክሹክታ ተቆጣት። "ወፍ የታለ? ወደ ግራ!"

ልጅቷ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ግን አፏ የተሰፋ ነው። ወደ ግራ አዞረች።

ከዚያ በኋላ ኩሬዋ አልመጣችም። ሸምበቆ መጣ፣ ሌላ ሸምበቆ መጣ፣ ዳኺል የማያውቀው ሰፊ ውሃ መጣ። መደበቂያውም የለ፣ የጭቃ ዳክዬዎቹም የሉ። ጉሙ ከላይ ከታች አንድ ዓይነት ነጭ ሆነ፤ ፀሐይ ወጣች እንኳ ቢባል በየት እንደወጣች አይታይም። ዳኺል ወደዚህ አመለከተ፣ ቆይቶም ወደዚያ አመለከተ፣ በጥምጣሙ ጫፍ የግንባሩን ላብ ጠረገ። በዚያ ብርድ ላብ!

"አባዬ፣ ጠፋን እንዴ?" አለ ጁሐይሽ።

"አልጠፋንም። ዳክዬዎቹን እያሳሳትናቸው ነው።"

"እነሱ የት እንዳለን አያውቁም?"

"አያውቁም።"

"እኛስ እናውቃለን?"

"ዝም በል አንተ ውርንጭላ!"

ያን ጊዜ ክንፍ ተሰማ። ብዙ ክንፍ፣ ከላይ፣ ጨርቅ እንደሚቀደድ ያለ ድምፅ። ዳኺል ጠመንጃውን አጎረሰ። መንጋው ከጉሙ ሥር ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ታየና አለፈ፤ ተኮሰ፤ ሳተ። ጁሐይሽ ጆሮውን ይዞ ታንኳዋ ሆድ ውስጥ ተጋደመ። አባቱ ደንግጦ ሲያየው ግን ልጁ እያለቀሰ አልነበረም፤ "ድገመው!" አለ።

መንጋው ዞሮ ተመለሰ። ትናንሽ ዳክዬዎች ናቸው፣ እኛ የምንወዳቸው፣ ሥጋቸው የሚጣፍጠው። የኑርያ ቀኝ ጉልበት ታንኳዋን ነካ አደረገ። ዳኺል ወደ ቀኝ ዞረ፤ እነሆ ውሃውን ሊነኩ እግራቸውን ዘርግተዋል። ተኮሰ። ሌሎቹ ተነሥተው ሲሄዱ አንዷ ክንፏ ታጥፎ ወደ ሸምበቆው ወደቀች።

መታሁ ብሎ መጮህ አማረው። ጊዜ ግን አልነበረም፤ የቆሰለች ወፍ ትጠልቃለች፣ ሸምበቆ ሥር ነክሳ ትደበቃለች። ኑርያ ታንኳዋን እስከ ሸምበቆው አደረሰቻት። ዳኺል በግራ ፈለገ፣ በቀኝ ፈለገ፣ አጣት። ያገኛት ጁሐይሽ ነበር። በሆዱ ተኝቶ እጁን ሸምበቆው ሥር ሰደደና፣ በሁለት መዳፉ አቅፎ አወጣት። ጭንቅላቷ ቡናማ፣ ዓይኗ ዙሪያ አረንጓዴ፣ ልቧ በላባዋ ላይ ሲመታ ይታያል።

"አባዬ፣ ያማታል?"

"አዎ፣ ያማታል። ለዚህ ነው የሚፈጠነው። ቢላዋው ስለታም ከሆነ አጭር ነው።"

"እኔ ልያዛት?"

"አንተ ያዛት። ቢስሚላህ የምትለውም አንተ ነህ።"

ዳኺል ቢላዋውን ከሰገባው አወጣ፣ የወፏን አንገት በጣቱ ያዘ፣ ወደ ቂብላ ሊያዞራት ብሎ ቀና አለ። ቀና እንዳለም ቀረ። ቂብላ በየት በኩል ነው? በፊቱ ጉም፣ በኋላው ጉም፣ በግራና በቀኙ ጉም። ልጆቹን መንገድ አውቃለሁ ብሎ ሊያታልል ይችላል፤ ጠዋቱን ሙሉ ሲያታልል ነው የቆየው። አሁን ግን እንደ መሰለው ወደ አንዱ ዞሮ "ይኸው ቂብላ" ቢል የሚያታልለው ልጆቹን ብቻ አልነበረም። ያ ደግሞ የልጁ የመጀመሪያ ቢስሚላህ ሊሆን ነው።

ወፏ በጁሐይሽ እጅ ውስጥ አንዴ ተንፈራገጠች።

"ልጆቼ" አለ ዳኺል። "ጠፍተናል። ቂብላ በየት እንደሆነ አላውቅም።"

"ጠፍተናል?" አለ ጁሐይሽ፣ ከፍርሃት ይልቅ በጉጉት።

ኑርያ ከኋላ ምንም አላለችም። ዳኺል ዞሮ ሲያያት ፊቷ ቀልቷል፣ ጉንጯ ተነፍቷል፣ ልትፈነዳ የደረሰች ትመስላለች።

"ምን ሆነሻል? ተናገሪ እንጂ!"

"ልናገር?"

"ተናገሪ!"

"ጨርቁ ቱሁል ላይ ነበር የታሰረው!" አለች በአንድ ትንፋሽ። "ሌሊት ነፋስ ነበር! ቱሁሉ ትናንት ማታ ከጎሾቹ መተላለፊያ አጠገብ ነበር፣ እኔ አይቼዋለሁ፣ ዛሬ ሌላ ቦታ ሄዷል! ወደ ግራ ስትለኝ አወዛወዝኩህ፣ አንተ ተቆጣኸኝ። ቀዛፊ አይናገርም አልክ!"

ዳኺል ወደ መጡበት ዞሮ አየ፤ እዚያም ጉም ነው።

ልጅቷ መልሱን አልጠበቀችም። ዘንጓን ጭቃው ውስጥ ተክላ፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ጠዋት ጠዋት ጎሾቹን የምትጠራበትን ያን ረጅም ዜማ አወጣችው። "ሃ–ዊይ፣ ሰውዳ! ሃ–ዊይ፣ ሰውዳ ነይ!" ሰውዳ ጥቁሯ እናት ጎሽ ናት። ጉም ባለበት ቀን ጎሾቹ ከደጅ አይለቁም። ኑርያ ዝም ብላ አዳመጠች፤ ደግማ ጠራች። ከሩቅ፣ ከነጩ ውስጥ፣ ወፍራም የጎሽ ድምፅ መለሰ።

"እዚያ!" አለች እጇን ዘርግታ።

"እዚያ!" አለ ጁሐይሽም፣ እጁ ወፍ ስለ ያዘ በአገጩ እያመለከተ። ሁለቱም ያመለከቱት ወደ አንድ ቦታ ነበር።

"ያ ቤታችን ነው" አለች ኑርያ። "አያቴ ደጅ ላይ ስትሰግድ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ ነው። እኛ ሐይቁ ውስጥ ነን። እንግዲህ ለሰውዳ ጀርባችንን ከሰጠናት…" ቀሪውን በእጇ አሳየች።

ዳኺል አላህን አመሰገነ፤ ጮክ ብሎ ነው ያመሰገነው። ሦስቱም ለጎሿ ጀርባቸውን ሰጡ። ጁሐይሽ ወፏን አጥብቆ ያዘ፣ አንዴ በአውራ ጣቱ ጭንቅላቷን ዳበሳትና "ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር" አለ። ድምፁ ቀጭን ነበር፣ ግን አልተንቀጠቀጠም። ቢላዋው ፈጣን ነበር። ልጁ ወፏ ጸጥ እስክትል አልለቀቃትም፤ ከዚያም ትንሽ አለቀሰና አፍንጫውን በአያቱ ፎጣ ጠረገ። አባቱ "ወንድ ልጅ አያለቅስም" አላለውም። የራሱም ዓይን ረጥቦ ነበር፤ በጉሙ አያሳብብም፣ አልቅሷል።

ወደ ቤት የተመለሱት ኑርያ እየጠራች፣ ሰውዳ እየመለሰች ነው። ዳኺል በመንገዱ ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነበር። ልጆቹን ከውሃው ጋር ላስተዋውቅ ብዬ ወጣሁ፤ እነሱ ግን የተዋወቁት ከተወለዱ ጀምሮ ነው። ቱሁል እንደሚሄድ ማን ነገራት? ሸምበቆ ሥር እጅ መስደድ ማን አስተማረው? ሳያወርሳቸው ይጠፋባቸዋል ብሎ የፈራው ነገር ሁሉ እጃቸው ላይ ነበር።

ደጃፉ ላይ ጀብሪያና ሸምሳ ቆመዋል። ይባስ ብሎ ሐትም ታንኳውን አስጠግቶ ሻይ እየጠጣ ነው።

"አቡ ጁሐይሽ!" አለ ሐትም። "ተኩስ ሰማሁ። የማንን ጭቃ ነው የመታኸው?"

ጁሐይሽ ወፏን ከፍ አድርጎ አሳየው። ሐትም ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ወላሂ ደሟ እውነተኛ ነው" አለ፣ ቅር ያለው ይመስል።

"በዚያ ጉም እንዴት መንገዱን አገኛችሁ?" አለች ሸምሳ፣ የልጇን እጆች በእጆቿ እያሻሸች።

ዳኺል ወደ ኑርያ አየ። ኑርያ ወደ ሰማይ አየች።

"ቀዛፊ አይናገርም" አለች።

ዳኺል በዚያ ላይ ሊያመልጥ ይችል ነበር፤ ልጅቷ በሩን ከፍታለታለች። ግን ከጉሙ ውስጥ "አላውቅም" ብሎ ከተናገረ ወዲህ ቀለል ብሎት ነበርና፣ ሁሉንም ተናገረው። ጨርቁን፣ ቱሁሉን፣ ቂብላውን፣ ጎሿን። ሐትም በሳቅ ሊሞት ነበር፤ ታንኳው ውስጥ ተንከባለለ። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ረግረጉን ሁሉ እንደሚያዳርስ ዳኺል አውቆታል።

ጀብሪያ ግን አልሳቀችም። "ቀዛፊ አይናገርም ያለህ ማን ነው?" አለችው።

"አባቴ። ጎህ ሳይቀድ ሲወጣ ሲቆጣ እሰማው ነበር።"

"ማንን ነበር የሚቆጣው?"

"ቀዛፊውን ነዋ።"

"ቀዛፊው ማን ነበር?"

ዳኺል ዕድሜ ልኩን ይህን አስቦ አያውቅም።

"እኔ ነበርኩ አንተ ደነዝ!" አለች አሮጊቷ፣ በመዳፏ ግንባሩን ገፋ አድርጋ። "ገና ስንወጣ ማውራት ስለ ጀመርኩ ነበር የሚቆጣኝ። ወፍ ሲመጣ አይናገርም ማለት ነው እንጂ አዳኙ ሲጠፋ ነው እንዴ? አባትህ ጉም ሲይዘው ማንን ይጠይቅ ነበር መሰለህ? እኔን! ዳክዬ በየት እንደምታርፍ፣ ነፋሱ ቱሁሉን የት እንደሚያደርሰው፣ ሁሉን አውቃለሁ። ይኸው ስንት ዘመን አንድ ጥግ ተቀምጬ። አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

"አልጠየቅኩሽም" አለ ዳኺል።

"እንግዲያው ጠይቀኝ!"

"አስተምሪኝ እማዬ" አላት። ይህን ቃል ለማንም ለማለት ዕድሜውን ሙሉ ሲያፍር ኖሮ፣ በሐትም ፊት ተናገረው። ሐትምም ለአንድ አፍታ መሳቁን ረሳ።

ወፏ ከሩዝ ጋር ተበላች። ለእያንዳንዱ ሰው ጉርሻ የማይሞላ ሥጋ ነው የደረሰው፤ ጁሐይሽ ግን ጠገብኩ አለ። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ተነሥቶ ፀሐይ ስትወጣ፣ ልጁ ከአያቱ ጋር ታንኳ ማሰሪያው እንጨት አጠገብ ተቀምጦ ጭቃ ሲለብድ ዳኺል አገኘው። ጀብሪያ ቄጠማውን ታስራለች፣ እሱ ይለብዳል። ከተሠሩት አንዱ ደረቱ ላይ በጣት የተበሳ ቀዳዳ አለው።

"ይኼ ምንድን ነው?" አለ ዳኺል።

"አንተ የመታኸው ነው" አለ ልጁ፣ ቀና ሳይል። "እነዚህ የነገ ናቸው። እነዚያ ደግሞ እንዲደርቁ እንተዋቸዋለን፣ ለከርሞ ናቸው።"

ዳኺል ቃሉ ጆሮው ውስጥ ሲገባ እግሩ ቀጥ አለ። እንጨቱን አየ። ውሃው ከመስመሩ በታች ነው፤ ከጠዋቱ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ልጁ መልስ እየጠበቀ በጭቃ እጁ አፍንጫውን ሲያክ አየውና፣ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ጭቃ ዘገነ።

"ለከርሞ ከሆነ" አለ፣ "ብዙ እንሥራ።"